ማውሱ ያለበት መስኮት

ያን ቀን ጠዋት ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በኮምፒውተር ምክንያት ነው። ጠብ እንኳን አይባልም፤ የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ይስቅ ነበር።

ሱቃችን ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ነበረች። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ እንሠራለን። ኮምፒውተራችን አንድ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደው አሮጌ። ከባድ ነገር አይችልም። ስለዚህ ወንድሜ ሊኑክስ የሚባል ቀላል ሲስተም ጫነበት፤ በላዩም ስክሪኑ ላይ የሚከፈቱትን መስኮቶች ብቻ የሚያስተዳድር ትንሽ ፕሮግራም አደረገ። ፕሮግራሙ የመስኮቶቹን ጠርዝና ርዕስ ይስላል፤ ከዚያ ሌላ ነገር አያውቅም። ስክሪኑ ባዶ ግራጫ ነው። እንደ ሌሎቹ ሱቆች ኮምፒውተር ከታች የሚጫኑት ምልክት የለውም። ባዶው ቦታ ላይ ማውሱን ስትጫን አንድ ሜኑ ይወጣል፤ ጽሕፈት፣ ፎቶ፣ ማተም፣ መዝጋት። አለቀ። ወንድሜ ሜኑውን፣ ቀለሙን፣ የጠርዙን ውፍረት ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር ጽፎ ነው ያዘዘው። በዚያ ሥራ ስንት ወር እንደቆየ እኔ አውቃለሁ።

ደንበኞች ይስቁብን ነበር።

«ይሄ ኮምፒውተር የደርግ ነው እንዴ?»

«የደርግም ቢሆን የእናንተ ፍላሽ ቫይረስ አይዘውም» ይላቸዋል ወንድሜ።

እውነቱን ነው፤ አይዘውም። እኔን ግን አንድ ነገሩ ያቃጥለኝ ነበር። የምትጽፈው ፊደል የሚገባው ማውሱ ባለበት መስኮት ነው። መጫን አያስፈልግም። ማውሱ ትንሽ ተንሸራቶ ከመስኮቱ ከወጣ፣ የምትጽፈው የትም አይገባም። እኔ ደግሞ ስጽፍ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት አንድ ከሁምቦ የመጡ ሰውዬ ስለ መሬታቸው ማመልከቻ ያጽፉኝ ነበር። ቆመው ሲናገሩ ጠረጴዛው ላይ ይደገፋሉ፤ ሲደገፉ ማውሱ ይሄዳል። ቀና ስል ሦስት መስመር የለም። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ተደገፉ።

«ልጄ፣ ጽሑፉ ገና ነው?» አሉኝ። እሳቸውን አልቆጣ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ።

ሲሄዱ ወንድሜ ላይ ጮህኩበት።

«አስተካክልልኝ! የሌላው ሰው ኮምፒውተር መስኮቱን ተጭነኸው ነው የሚሠራው።»

«ታ ኢሻ፣ ዓይንህን ከወረቀቱ አንሳ።» በወላይትኛ «ወንድሜ» ማለቱ ነው። ሲያሾፍብኝ እንዲያ ነበር የሚለኝ።

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እሺ። ከዲምቱ ስመለስ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ ፋይሉን አትንካ። ግድ ከነካህም መጀመሪያ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።»

ይህን ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ፋይሉን ሙሉውን በእጁ በደብተር ላይ ገልብጦም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ይረዳል ብሎ። እኔ እስቅበት ነበር። «በኮምፒውተር ያለውን በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ከአንተ ሌላ የለም» እለው ነበር።

ዲምቱ የሚሄደው ለአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ጉርድ ፎቶ ለማንሳት ነው። ከመሄዱ በፊት ካሜራውን ልሞክር አለ። ሰማያዊውን ጨርቅ ሰቀለና በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ገና በንዴት ላይ ነኝ፤ እጄም ፈጣን አይደለም። ብርሃኑን ሳስተካክል ቆየሁ።

«ቶሎ በል እንጂ!» አለ። በዚያው ቅጽበት ተጫንኩት።

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ አየው። አፉ ተከፍቷል፤ ግንባሩ ተቋጥሯል። «ብርሃኑ ደህና ነው፣ ሰውየው ግን አስቀያሚ ነው። ስመለስ አጠፋዋለሁ» አለ። የካሜራውን ሜሞሪ አጸዳ፤ ከጓደኛው የተዋሰውን ሞተር አስነስቶ ሄደ። ደህና ዋል አላልኩትም። ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ደንበኛ አልነበረም። ፋይሉን ከፈትኩ። ስለ ማውሱ የሚያወራ የመሰለኝን መስመር አገኘሁና አጠፋሁት። ከሥሩ አንድ የተጠማዘዘ ቅንፍ ብቻውን በአንድ መስመር ላይ ቆሟል። ሥራ የሌለው መሰለኝ፤ እሱንም አጠፋሁት። ኮፒ አላደረግኩም። አስቀምጬ ዘጋሁና እንደገና አስነሳሁት።

ግራጫ። ተጫንኩ፤ ሜኑ የለም። ቀኙንም ግራውንም ተጫንኩ፤ ምንም። ጽሕፈት የለም፣ ፎቶ የለም፣ ማተም የለም። ሜኑ ከሌለ ደግሞ ፋይሉን መልሼ የምከፍትበት መንገድ አላውቅም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ግራጫ ነው። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁ። «የዚህ ሁሉ ምክንያት እሱ ነው» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ ሰደብኩት። መጥቶ ያስተካክለው ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሰዓቱን በኋላ አሰላሁት። ብዙ ጊዜ አሰላሁት። እኔ ስሰድበው እሱ ዲምቱ መንገድ ላይ ነበር። ሞተሩ ተገልብጦ።

ስልክ የተደወለልኝ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ካሜራው ከእሱ ጋር ነበር፤ ተሰባብሮ አመጡልን።

ሳይመሽ እድሩ ደጃችን ላይ ድንኳን ተከለ። ሰው መጣ፤ ቤቱ ሞላ። ያኔ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደ እኔ መጣች።

«ፎቶው የታለ?» አለችኝ።

«የምን ፎቶ?»

«የወንድምህ ነዋ! ነገ ስድስት ሰዓት ነው ቀብሩ። የሶዶን ሰው ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ልጅ ያለ ፎቶ ይሸኝ?»

እናቴ የትምህርት ቤት መታወቂያውን አወጣች። እዚያ ላይ ያለው ልጅ ነው፤ ጆሮው ብቻ የሚታይ። አክስቴ አየችውና መልሳ ሰጠቻት። ሌላ የለም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፎቶ አይነሳም፤ ይህንን ያኔ ነው ያወቅኩት። የሚሆነው አንዱ፣ ጠዋት ያነሳሁት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ደግሞ እኔ ዘግቼዋለሁ።

«አለ። ጠዋት አመጣዋለሁ» አልኳት። እንዴት እንደማመጣው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈትኩ። የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ እንደ ሁልጊዜው ይጮሃሉ። እንደ ሁልጊዜው መጮሃቸው አናደደኝ። መሳቢያውን ስፈትሽ ደብተሩን ከካርቦን ወረቀቱ ሥር አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ ጽፏል፤ ሜኑ ከጠፋ ምን እንደሚደረግ። ሦስት ቁልፎች አብረው ይጫናሉ፤ ጥቁር ስክሪን ይመጣል፤ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል። ከዚያ አንድ መስመር፦ መጀመሪያ ኮፒ።

የተበላሸ ፋይል ኮፒ ምን ያደርጋል? ብቻዬን «ምን ያደርጋል!» ብዬ ጮህኩ። ሆኖም አደረግኩት። «አሮጌ» ብዬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ፋይሉን ከፍቼ ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ጀመርኩ። የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ደቃቅ ነው። ቅንፉን መለስኩ። አስነሳሁት፤ ግራጫ። ተጫንኩ፤ የለም። እንደገና ወደ ጥቁሩ። የመለስኩት ከአንድ መስመር በታች ነበር። ከፍ አደረግኩት። ሳላስቀምጥ መብራት ሄደ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ለፎቶ የተቀመጠበት ላይ። ሰማያዊው ጨርቅ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። አንድ ሰው በሩን ገፍቶ «ጉርድ ፎቶ አለ?» አለኝ። «የለም!» ብዬ አባረርኩት። ያ ሰውዬ ምን አድርጎኝ ነው? አሁንም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

መብራቱ የመጣው ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ቅንፉን በቦታው አስገባሁ። ያጠፋሁት የማውሱ መስመር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ባልመልሰው የሚሆነውን አላውቅም። ብመልሰው ደግሞ ያ የሚያቃጥለኝ ነገር ይመለሳል። ደብተሩ ላይ እንዳለ ጻፍኩት። አስቀመጥኩ። አስነሳሁ።

ግራጫው መጣ። ተጫንኩ። ጽሕፈት፣ ፎቶ፣ ማተም፣ መዝጋት።

አላለቀስኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ፎቶውን ከፈትኩ። ስንት ቅጂ እንደሚታተም ልጽፍ ስል ምንም አልገባም፤ ማውሱ ከመስኮቱ ወጥቷል። መለስኩትና ጻፍኩ። ማተሚያው የሚችለውን ትልቁን ወረቀት አስገባሁ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ሳሳ፤ ፊቱ ግን ደህና ወጣ።

በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቤት ስደርስ መዘምራኑ ቆመው ነበር። አክስቴ ተቀበለችኝና በሁለት እጇ ያዘችው። ፕላስቲኩን ገልጣ አየችው።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ፊቱ ለምን ተቆጣ? አፉን የከፈተው ምን ብሎ ነው?»

«ቶሎ በል እያለኝ ነው» አልኳት።