አሸዋ ላይ «አትግፉን» ያልንበት ጉዞ

ቅዳሜ ጠዋት ከጂንካ የወጣነው መኪና መንዳት ለመማር ነው ብል አትሳቁብኝ። መንጃ ፈቃድ አለን፤ የማንችለው አሸዋ ላይ መንዳት ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ጓደኛዬ ፀሐይ ደግሞ አዋላጅ ነርስ። ከድንበር ማዶ፣ በኬንያ በረሃ፣ ለበጎ አድራጎት በሚደረግ የሴቶች የመኪና ውድድር ተመዝግበናል። እኛ በውድድሩ የምናሰባስበው ገንዘብ ኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው ዱስ መንደር ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት ይሠራበታል። ፀሐይ ዱስ ሠርታለች፤ ምጥ ይዟቸው መንገድ ላይ የቀሩ እናቶችን ታውቃለች።

የጎደለን መኪና ነበር። የፀሐይ ታላቅ ወንድም ነጋዴው ጋሽ ጌታቸው አሮጌ ፎርዊል አላቸው። ቁልፉን ሲሰጡን፣ «ማንም ሳይገፋችሁ፣ ማንም ሳይጎትታችሁ ኦሞራቴ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ ለውድድሩ ውሰዷት። ካልሆነ ግን ቁልፌን ትመልሳላችሁ» አሉን።

ዲመካ

እኔ ሰው ሲነዳ አርፌ መቀመጥ አልችልም። አስፋልቱን እስክንጨርስ እግሬ ባዶ ወለል ሲረግጥ ነበር። «አንቺ ጋ ፍሬን የለም» አለችኝ ፀሐይ፣ ቀይ አፈር ከተማ ስንደርስ። ከዚያ በኋላ ኮረኮንች ነው። ዲመካ ገበያው ደርቶ ነበር። ፀሐይ ሻይዋን ሳትጨርስ አስነሳኋትና መሪውን ያዝኩ።

ከከተማው ስንወጣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እጃቸውን ዘረጉልን። እዚህ አገር ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ ነውር ነው፤ አምስት ሰው ከነማሽላው ጫንን። ከመካከላቸው አማርኛ የምትችለው ዱካ የምትባል ጎልማሳ ሴት ነበረች። መንደራቸው ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። እኛም ለልምምድ የፈለግነው የወንዙን አሸዋ ስለነበር ደስ አለን።

ደረቁ ወንዝ

ወንዙ መሃል ስንደርስ መኪናዋ ከበዳት። ነዳጅ መቀነስ ሲገባኝ ይባስ ረገጥኩት። ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ ሰመጡ። ሁላችንም ወረድን፤ ዱካና ሰዎቿ ሳንጠይቃቸው ከኋላ ተሰልፈው እጃቸውን መኪናዋ ላይ አደረጉ።

«አትግፉ» አልኩ።

«ለምን?» አለች ዱካ።

«ውድድር አለብን። ራሳችን ነን ማውጣት ያለብን።»

«ውድድር ከማን ጋር? ሌላ መኪና የለም።»

ፀሐይ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። የጎማዎቹን አየር ቀነስንና በአካፋ መቆፈር ጀመርን። የቆፈርነውን አሸዋው ተመልሶ ይሞላዋል። አምስቱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩናል፤ መንገደኛም እየተጨመረ ሄደ። አንድ ሽማግሌ በሐመርኛ የሆነ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት ዱካን።

«ምን በደልን? እጃችንን ለምን ጠላችሁ? ይላል።» እሷም ተቀይማለች። አፈርኩ፤ መቆፈሬን ግን አላቆምኩም።

ጥቂት ቆይታ ዱካ ተነሳችና ወደ ተራራው አሳየችን። ሰማዩ ጠቁሯል። «እዚያ ዘንቧል። ውሃው እዚህ ይመጣል። አሁንም አንግፋ?»

ከተገፋን መኪናዋ ለውድድሩ አትሰጠንም፤ መኪና ከሌለን ውድድሩም የዱሱ ቤትም የለም። ካልተገፋን ጎርፉ ይወስዳታል። ቀድማኝ «ግፉ» ያለችው ፀሐይ ናት።

እሷ መሪውን ያዘች፤ እኔ ከዱካ ጎን ሆኜ ገፋሁ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ገፉ። መኪናዋ ተንፈራግጣ ወጣች። ማዶ ላይ የሰዎቹን ጆንያ አውርደን ሳንጨርስ ውሃው ግንድ እያንከባለለ፣ ቀልቶ መጣ። ቆመን የነበርንበት ቦታ ጠፋ። ዱካ ማሽላዋን ተሸክማ፣ «ስትመለሱ በዋናው መንገድ ሂዱ» አለችኝ። ፊቷ አልተፈታም።

ኦሞራቴ

አመሻሽ ላይ ኦሞራቴ ገባን። ጥብስ አሣ አዘዝን፤ ጂንካ ከምንበላው ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። እኔ ግን ጎርሼ እነሳለሁ፣ የኦሞን ወንዝ አይቼ እመለሳለሁ። ለጋሽ ጌታቸው ምን እንደምንል ሁለታችንም አላነሳንም። በማግሥቱ በዋናው መንገድ ተመለስን።

ጂንካ

ጋሽ ጌታቸው በራቸው ላይ ጠበቁን። መኪናዋን ዞረው አዩና፣ «ማንም አልገፋችሁም?» አሉ።

ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይም። «ገፉን» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «መኪናዬን ስላተረፋችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ለሚለኝ፣ አሸዋ ላይ ነዳጅ እንደማይረገጥ ተምሬያለሁ። ይበልጥ የሚቆጠቁጠኝ ግን መገፋታችን አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ሊረዳን እየፈለገ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት፤ ዱካ እኛን ለማዳን እኛኑ ማስፈቀድ ነበረባት።

«በውድድሩም አሸዋ ከያዘን ያገኘሁትን ሰው እጠራለሁ» አለች ፀሐይ፣ ከግቢው ስንወጣ። «ዳኞቹ ከፈለጉ ነጥብ ይቀንሱ።»

«በየትኛው መኪና?»

«ጂንካ ውስጥ ፎርዊል ያለው ወንድሜ ብቻ ነው?»

ቤቴ አልገባሁም። መንገዱን ተሻግረን ፎርዊል የቆመበት የመጀመሪያው ግቢ ስንደርስ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ከፍተው ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን።

«እርዱን» አልኳቸው።