በሁለት ክር የተለቀሰች እናቴ

ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በማለዳ ደጄ ላይ ቆመው ሳይ፣ እናቴ እንደሞተች አወቅሁ። ከደሴ መጥቶ አምቦ ለሚሠራ ሰው መርዶ የሚደርሰው እንዲህ ነው፤ ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ገና ሳይናገሩ።

«እማዬን» ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከኋላቸው የነበሩት አከራዬ «እናቷን ነው ለካ» ብለው ደረታቸውን መቱ። «ለካ» ማለታቸውን ልብ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እኔ ግን ማረጋገጫ አድርጌ ወሰድኩት።

ፍራሽ ተነጠፈ፤ ንፍሮ ተጣደ። ግቢው በሰው ሞላ። አከራዬ «ሐዘንተኛ ስልክ አይዝም» ብለው ስልኬን ኪሳቸው ከተቱት። ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው የእድሩ ዳኛ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» አሉኝ። ስልክ ሳነሳ ከሰላምታ በፊት «ምን በላሽ?» የምትለኝን እናቴን እያሰብኩ አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ አከራዬ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ኦቦ ተቀብለው አነሱት።

«አዎ፣ የእሷው ነው። አሁን አትችልም፣ ሐዘን ላይ ናት። እናቷ አርፈውባት ነው። እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩትና ለአከራዬ አቀበሏቸው።

«እስቲ አንቺ አናግሪያቸው። እናቷ ነኝ ይላሉ።»

ተንደርድሬ ነጠቅኋቸው።

«ምን በላሽ?» አለች እናቴ። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሞተሻል እያሉኝ ነው። ብዙ ሰው መጥቷል?»

«ግቢው ሞልቷል፣ እማዬ።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው። እህል ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ።»

ከኋላ ያሉት አልሰሙም ነበርና ልቅሷቸውን ቀጥለዋል። ኦቦ ወደ አከራዬ ዞሩ።

«ማን ነበር መርዶውን የነገረሽ?»

«የእናቷ መሆኑን ራሷ ናታ። ማታ ሁለት ሆነው ሲያለቅሱ አመሹ። መርዶ ነጋሪ መጥታባታለች ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ።»

ማታ ከእኔ ጋር የነበረው ጊታር ብቻ ነው። አንድ ባልደረባዬ ለትምህርት ሲሄድ ትቶልኝ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት በገና ደርዳሪ ስለሆንኩ ጣቴ የለመደው ክሮቹን አንድ በአንድ ነው። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ መማር ኃጢአት ይሆን እንደሆነ የነፍስ አባቴን ጠይቄ ነበር።

«ለማን ትጫወቺዋለሽ?» አሉኝ።

«ለግድግዳ፣ አባቴ።»

«ግድግዳ አይሰናከልም።»

ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች በአንድ ጣት ተጭኜ አብሬ ለመምታት ወራት ታገልኩ፤ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይታፈናል። ያን ምሽት ግን ሁለቱም አብረው ወጡ። አንዱን ገፋ አድርጌ ሳጣምመው ሌላው ባለበት ጸንቶ ይጠብቀዋል። ደስ ስላለኝ ደጋገምኩት።

«አንድ ድምፅ ቢሆን ጊታሯ ነው ብለን እንተኛ ነበር፤ ለምደነዋል» አሉ አከራዬ።

ኦቦ «አምጪው» አሉ። እዚያው የሐዘን ፍራሹ ላይ ሆኜ ተጫወትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እኛ አልተሳሳትንም» አሉ። «ይሄ ልቅሶ ነው። የጎደለው ሟች ብቻ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፤ ለማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ንፍሮው በእናቴ ትእዛዝ ተበላ።

ዛሬ ሥራዬ ወደ ጊንጪ ተዛውሯል። እናቴ አርጅታለች፤ አሁንም «ምን በላሽ?» ትለኛለች። ያን ቀን ግቢያችን ለነበራችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከቤቷ የሁለት ሰው ልቅሶ ተሰማ ሲሏችሁ፣ «ጊታሯ ነው» ብላችሁ እንዳትቀሩብኝ። ከአምቦ ጊንጪ ቅርብ ነው። ጊታር ሆኖ ከተገኘ ንፍሮው በእኔ። ካልሆነ ግን አገሬ ሩቅ ነውና፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ከእናንተ በቀር የለኝም።