ለሰሚራ ታሪክ የምትፈልግላት ሴት

ከደሴ የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሳይውጠው ነው። ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አሚን አልሁ፤ ሚኒባሱም የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተያያዘው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ዱባይ በነርስነት የምትሠራው ልጄ ፋጡማ «አባዬ፣ ብቻዎን አይኖሩም» እያለች ስትወተውተኝ ኖራ በመጨረሻ አሸንፋኛለች። ለማግስቱ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ያደርሁት በወዳጄ በሸህ ሙህዬ ቤት ነው። ሸህ ሙህዬ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን።

«ልጃገረዶቻችን አልበቃ ብለው ሽማግሌውም ዐረብ አገር መሄድ ጀመረ?» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ራቴን ግን አልጨረስሁም።

ወገኖቼ፣ ዐረብ አገር ሰው ያለ ከፊል፣ ማለት ያለ ዋስ፣ አይኖርም፤ የእኔ ከፊል ደግሞ የገዛ ልጄ ሆነች። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ጎልማሳ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ።»

«ነበርሁ የሚባል ሥራ የለም» አለና «ሥራ የሌለው» ብሎ መዘገበኝ። ያስተማርኋቸው ሰዎች የተማሩትን እስካልረሱ ድረስ ሥራዬ አላለቀም ብዬ፣ ቁርኣን ቤት በቀሰምሁት ዐረብኛ መለስሁለት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። «ሀጂ፣ እንደ ጥንት ኪታብ እኮ ነው የምትናገረው!» አለ። መዝገቡን ግን አላረመም።

እዚህ ብርድ የሚገኘው ከማሽን ነው፤ ሲያጠፉት ያልቃል። ሽሮው ከደሴ ይመጣል፣ የሚሠራበት ውሃ ግን ከባሕር የተጣራ ነውና የእናንተን ያህል አይጥምም። በሊፍቱ ውስጥ ሰላምታ ባቀርብ ሰዎች ዕቃ የምለምናቸው ይመስል ስልካቸውን ይመለከታሉ። ይህን ሁሉ ለመድሁት። ያልለመድሁትና የማልለምደው ኮንሰልታንት የሚባለውን ነው።

የልጅ ልጄ ሰሚራ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በትምህርት ቤቷ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ከወዲሁ አማካሪ ይቀጥራሉ፤ ፋጡማም ቀጠረች። ሴትዮዋ ሚስ ሄለና ትባላለች፤ ትሁት ናት፣ ሥራዋንም ታውቃለች።

«በዘጠነኛ ክፍል መጀመራችሁ መልካም ነው፤ በስምንተኛ ቢሆን ይሻል ነበር» አለችን።

«ከመወለዷ በፊት ብንመጣስ ኖሮ?» አልሁ።

«አንዳንድ ወላጆች ይጠይቁኛል» አለች። እየቀለደች አልነበረም።

ቀጥላ ሰሚራን «ለሌሎች ሰዎች ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሰሚራ እናቷን አየች። እናቷ ወለሉን አየች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ ሰሚራ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ፣ ከወሎ ገጠር ለቤት ሠራተኝነት የመጡ ሴቶችን ፊደል ታስቆጥራለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥና የአውቶቡስ ሰሌዳ ማንበብ ታስተምራለች። ነገር ግን ሰው መልካም ሠርቶ በአንደበቱ ከተናገረው አጅሩን፣ የአላህን ምንዳ፣ በላው እየተባለ ባደግንበት ቤት ውስጥ ይህን ማን ይናገር?

«ምንም» አለች ፋጡማ።

ሚስ ሄለና «ምንም» ብላ ጻፈች። ከዚያ የመጣንበትን አገር ጠየቀችና በኮምፒውተሯ ወሎን ፈለገች። ፊቷ በኀዘን ለሰለሰ።

«ረሀብ፣ ድርቅ... ይህ እኮ ጠንካራ ታሪክ ነው!»

«እመቤቴ፣ ይህች ልጅ ራት ሳትበላ ያደረችው አኩርፋ ብቻ ነው» አልኋት። «አያቷም የሞተችው በረሀብ ሳይሆን በስኳር በሽታ ነው። ጣፋጭ ተይ ብንላት አልሰማ ብላ።»

አማካሪዋ ግን መላ አገኘች። ሰሚራ በክረምቱ ዘመዶቿ ወዳሉባት ኮምቦልቻ ትሂድ፤ እዚያው አጠገብ ላለችው ለሐርቡ ከተማ ሕፃናት የበጎ አድራጎት ድርጅት ትመሥርት፤ ከሕፃናቱ ጋር ፎቶ ትነሳ፤ መሥራች መሆኗን የአገር ሽማግሌ በደብዳቤ ይመስክርላት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በማታውቀው ሰፈር መሥራች ልትሆን ነው!

ቤት ስንገባ «አይደረግም» አልሁ። «ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትሄዳለች እንጂ ልትመጸውታቸው አትሄድም።»

«አባዬ፣ እርስዎ በአንድ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገቡ» አለች ፋጡማ። «የዛሬው በር በፈተና ብቻ አይከፈትም። እኔ የሰው ቤት እየጠረግሁ ነው የተማርሁት፤ ልጄ ደጅ እንድትቀር አልፈልግም። ለሸህ ሙህዬ ይደውሉልኝ፣ ደብዳቤውን ይጻፉላት።»

ስለዚህ ደወልሁ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትሁት። ነገሩን አንዳች ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርሁት።

«ወላሂ፣ ጤነኛ ነህ?» አለ ሸህ ሙህዬ። «ቅሬ የገባ ሰው ሁሉ እኩል ነው። አዲስ የመጣ ደግሞ ውሃ ይቀዳል፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛል። የእኛ ልጅ ናትና ትምጣ፣ ገመድ ትያዝ። መሥራች ናት ብዬ በሐሰት ከመሰከርሁ ግን ነገ በማን ሙግት ላይ ልዳኝ?»

«ሸህ ሙህዬ፣ እኔ እኮ ለልጄ በር ፈልጌ ነው» አለች ፋጡማ።

«ዐውቃለሁ ልጄ። በሩን አላህ ይክፈትላት። እኔ ግን በእኛ ልጆች ፎቶ አላስከፍትላትም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፋጡማ «እንግዲያው የጁምዓውን ትምህርት እንናገር» አለች።

ሰሚራ ተነሣች። «እማ፣ ሚስ ሄለና ፎቶ ትላለች። ሴቶቹ ወደ እኔ የሚመጡት ማንበብ አለመቻላቸውን ማንም እንዳያውቅባቸው ነው።»

በቀጠሮው ቀን ልጅቱ ራሷ ተናገረች። «ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። ድርጅት የለኝም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ።»

«ሠርግ ለማመልከቻሽ ምንም አይጠቅምም» አለች ሚስ ሄለና።

«ዐውቃለሁ» አለች ሰሚራ።

እኔ በበኩሌ፣ ልጁን ሳያውቁ ታሪክ የሚሰፉለት ሙያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ስም እንደሚያዋርድ ጨምሬ ተናገርሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ፋጡማ አልተቆጣችኝም። ትኬቱን ቆረጠች፤ ትክክል ማድረጓን ግን እስካሁን አታውቅም። እኔም ቢሆን በሩ በልጅቱ ላይ ተዘግቶ እንደሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ እንጂ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም።

ትናንት ሰሚራ ከኮምቦልቻ ደወለች። ሠርጉ አልፎ፣ ጎረቤት ሰው ሞቶ ቅሬ ወጥታለች። እጇ በገመድ መላጡን ነገረችኝ፤ ስሞታ ግን አልነበረም።

«አባባ፣ እዚህ ማንም ምን እንደምሠራ አይጠይቀኝም። የማን ልጅ ነሽ ብቻ ነው የሚሉኝ። የእርስዎን ስም ስነግራቸው ቦታ ይለቁልኛል።»

«አንቺስ ትቀመጫለሽ?»

«አይ፣ ውሃ እቀዳለሁ።» ከዚያም ጨመረች። «እሳቸውስ መቼ ይመጣሉ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ከበስተጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በእኔ መስኮት በኩል ሰማዩ አመድ መስሎ ቆሟል፤ ማሽኑ ያጉረመርማል።

«ቆዪ፣ አትናገሪ» አልኋት። «ስልኩን ወደ ደጅ አውጪው፤ ዝናቡን ልስማው።»