ኒካሁ ሲታሰር የት ነበሩ?

ባለቤቴ ደሴ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር፤ እኔ ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ከልጃችን ጋር። ከተጋባን በኋላ አብረን የኖርነው ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ልጃችንን አርግዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አራት ዓመት እስኪሞላት አባቷን የምታውቀው በስልክ ነበር። «ፓፓ» ትለውና በሆላንድኛ ትቀጥላለች፤ እሱም ሳይገባው ይስቃል።

የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠይቅለት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋብቻችን እውነተኛ መሆኑን ላጣራ አለ። እኔን አምስተርዳም፣ እሱን አዲስ አበባ ኤምባሲው ውስጥ፣ በአንድ ቀን ለየብቻ ሊጠይቁን ቀጠሩን። መልሳችን ካልገጠመ ፈቃዱ የለም።

ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ባሏን ያመጣችው በዚሁ መንገድ ነው። የሚጠየቀውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ሰጠችኝ። ከሥራ ስመለስ እየደወልኩ እናጠና ጀመር። ሻዩን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጣ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ። ብዙውን አላውቀውም ነበር። ያ ስድስት ሳምንት በእንግዳ ጋጋታ ነው ያለፈው። እያደር ፈተናውን ረሳሁት፤ ጥያቄው እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ እጠይቀው ነበር።

ጓደኛዬ ስለ ኒካሁ ስትጠይቀኝ እንደነበረው ነገርኳት። አጎቴ ወኪሌ ሆነው ሳሎን ውስጥ ከባለቤቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዙ። እኔ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። መጋባቴን ያወቅኩት እልልታው ሲቀልጥ ነው።

«አንቺ፣ ይህንን ልትነግሪያቸው ነው?» አለችኝ። «ሙሽራዋ የሌለችበትን ጋብቻ ማን ያምንሻል? አጠገቡ ነበርኩ በይና ተገላገይ።»

ፈራሁ። ለባለቤቴም ነገርኩት። አንቺ ካልሽ እኔም እላለሁ አለ። ተስማማን። ከዚያ በኋላ ሰላት ላይ ልቤ አልረጋ አለኝ።

በቀጠሮው ቀን የጠየቀችኝ ሴት ትሁት ነበረች። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ስኳሩንም ጠባሳውንም መለስኩ። ከዚያ አስተርጓሚው፣ «ኒካሁ ሲታሰር የት ነበሩ?» አለኝ።

የተስማማነው ቃል አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን በአላህ ስም የታሰረ ነገር ነው፤ ውሸት ልጨምርበት አልቻልኩም።

«ጓዳ ነበርኩ» አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም ብዙ ጻፈች።

ባቡር ላይ ሆኜ ደወልኩለት። እሱም ጨርሶ ወጥቷል። «አጠገቤ ነበረች አልኩ፣ እንደተባባልነው» አለኝ። እኔ ያልኩትን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «በይ እንግዲህ፣ የሚታረመው የኔው ነው» አለ።

እሱም እኔም ደብዳቤ ጻፍን። ፈርተን እንደዋሸን፣ እውነቱ የኔው መልስ እንደሆነ። አጎቴ የኒካሁን ምስክሮች ቃል አስፈርመው ላኩልን። ሆላንድኛውን ያቃናችልኝ ጓደኛዬ ናት። «የመከረችን ሴት አሳስታን ነው ብለሽ ጻፊ» አለችኝ፤ «ስሜን ብቻ ተዪው።» በዚያ ሰሞን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

አምስት ወር ጠበቅን። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ፀጉሯን የማበጥርላት አሮጊት ነበረች። ባሏ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፖም ይልጥላታል። አይነጋገሩም። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ ፈጥኜ እወጣ ነበር።

በመጨረሻ ደብዳቤው መጣ፤ ተፈቅዷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ኮሪደሩ ላይ ሱጁድ ወረድኩ። አላህ ከነስህተታችን አልጣለንም።

ደውዬ ስነግረው ወዲያው ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲህ ልጅሽ አባቷን ልታገኝ ነው።» ከዚያም፣ «ማታ ማታ በሩን የሚዘጋልኝ እሱ ነበር» አሉ።

አራት ዓመት ሙሉ አምጣልኝ እያልኩ አላህን ስለምን፣ ከማን ላይ ተነስቶ እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔም እናት ነኝ። «አውፍ በሉኝ፣ እማ፤ ዱዓ አድርጉልን አንቱ» አልኳቸው። «ሁልጊዜም አደርጋለሁ» አሉኝ።

ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው። በየጁምዓው ለእናቱ ከእሱ ቀድሜ የምደውልላቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ጥሪ ያነሱታል።