የድሮውን ካልሰጡት የማይዘፍን ስፒከር

ሰውዬው ስፒከሩን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ፣ አዲሱን ራውተር በብብቱ ወሽቆ ጥገና ክፍሉ ገባ። ከፊት ሲያዩት ሸሚዙ ጥሩ ተተኩሷል፤ የጀርባው ነገር ግን አይነሳ።

«እኔ አሮጌ ነገር አልወድም፤ የቤቴን ዕቃ ሙሉ ቀይሬዋለሁ» አላት ቴክኒሻኗን፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ይሄ ደንቆሮ ግን አዲሱን ኢንተርኔት አላውቅም ብሎ ዝም አለ!»

እንዲህ ያለ ጀግና በቀን አሥር ይመጣባታል። «ቀላል ነው ጋሼ። ለአዲሱ ራውተር የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል እንሰጠዋለን፤ ስፒከሩ የሚፈልገው እሱን ነው። ስሙ ማን ነበር?»

የቅድሙ ለፍላፊ እስክሪብቶ ለምኖ ሁለቱንም በወረቀት ጥግ ጻፈላት። ስሙ «የእኔና የአበባዬ ቤት» ይላል።

ራውተሩ ላይ ሞልታ እንደጨረሰች ስፒከሩ ዘፈኑን ለቀቀው።

«ምን ዓይነት ግትር ነው!» አለ ሰውዬው፣ መልሶ በፎጣው እየጠቀለለው። «እሷ ከሄደች እኮ ሦስት ዓመት አለፋት።»