አባባ የነቀሉት ችካል

ዛሬ አያቴ አባባ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹን ችካል ነቅለው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ይማም ማሳ አስገብተው ተከሉት። አባባ ችካል ካዩ የመሬት ልኬት ይመስላቸዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው መሬት ሊያስፋፉ!

ሰዎቹ ከቆቦ የመጡት ማሳችን ዳር ጎርፍ እየሸረሸረ ያለውን ጥንታዊ ግንብ በሌዘር እየለኩ ምስሉን ሊቀርጹ ነበር። ከሳተላይት ቦታውን የሚያውቀው መሣሪያ የሚቆመው ችካሉ ላይ ነው፤ ልኬቱ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው።

ከምሳ ተመልሰው ሲቀጥሉ ታብሌቱ ላይ አንዱ ግንብ ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ።

«ሁለት አገኛችሁ? እሰይ!» አሉ አባባ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰማዩ ጠቁሯል። ዛሬ ካላለቀ ጎርፉ ግንቡን ሊወስደው ይችላል። ችካሉ መነቀሉ የገባት አንዷ ባለሙያ «አባቴ፣ ችካሉ መጀመሪያ የት ነበር?» ብላ ለመነቻቸው።

«እኔ እንጃ!» ጋሽ ይማም አጠገባቸው ቆመው እየሰሙ እንዴት ጥፋታቸውን ይመኑ? ጉድጓዱንም ደፍነው ደልድለውታል እኮ!

ጋሽ ይማም ወደ እኛ ማሳ አምስት እርምጃ ገቡና «እዚህ ነበር» አሉ።

«ወሏሂ ውሸት! እዚህ ነው እንጂ!» አባባ ሮጠው ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሙ።

«አባቴ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!» ብላ ባለሙያዋ በረረች። የተደፈነው ጉድጓድ እግራቸው ሥር ተገኘ።

ግንቡ ዝናቡ ሳይጀምር ተቀርጾ አለቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ይህን ስጽፍ ዝናብ ላይ ቆመው እየተጨቃጨቁ ነው።

የእናንተዎቹስ ምን ሲነቅሉ ተያዙ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።