ሚፍታ የተቀጣበት ክሳት

ሀሊሜ በየጠዋቱ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ግራ እጇን ከሻርፗ ሥር አስገብታ የገዛ ጎድኗን ትዳብሳለች። በግ ተራ የቆመ ገዢ የሙክቱን ወገብ እንደሚጨብጥ ነው አዳበሷ፤ ሳትቸኩል፣ ዋጋ እንዳይጨመርባት ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ። ጣቷ አጥንት ካላገኘ ቁልፉን ታስገባለች። ካገኘም ያው ቁልፉን ታስገባለች፤ ያን ቀን ግን ምሳዋን ቀደም ታደርጋለች።

አሰላ ገበያ አጠገብ ከጎበሳና ከሲሬ የሚመጣላትን ቅቤ ትሸጣለች። በቅቤ ንግድ የነጋዴው ገላ ማስታወቂያ ነው። ሀሊሜም በደህናው ዘመኗ ከሩቅ የሚነበብ ማስታወቂያ ነበረች። ደንበኞቿ ቅቤውን ሳይቀምሱ፣ እሷን ብቻ አይተው ያስመዝኑ ነበር።

ከዚያ ሥልጣኔ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀሊሜ ባሏን ጉልበቴን አመመኝ ብላ ሕንድ አገር ሄደች፤ ክብደት የሚያስቀንስ ቀዶ ሕክምናም አደረገች። ሐኪሞቹ ከጨጓራዋ እንቁላል የሚያክለውን ብቻ ለይተው፣ ከአንጀቷ ጋር በአቋራጭ አገናኙላት። የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆዷ ውስጥ ያለ ዕድሜው ጡረታ ወጣ። ለጎረቤት የተነገረው «ዱባይ ለዕቃ ሄዳለች» የሚል ነው። ቅቤ ነጋዴ ዱባይ ምን ዕቃ እንዳላት የጠየቀ የለም። እውነቱን የሚያውቀው ባሏ ሚፍታ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለማንም እንዳይናገር ወላሂ አሰኝታዋለች።

ሕክምናው ተሳካ። እንዲያውም ማቆሚያ እስኪያጣ ድረስ ተሳካ። ሀሊሜ መጀመሪያ ቀጠነች፤ ሰው «አማረብሽ» አላት። ቀጥላ ከሳች፤ ሰው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያያት መንገድ ይሻገር ጀመር። አንድ ማንኪያ ማር ከቀመሰች ልቧ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። ከበላችው ግማሹ ይመለሳል። ጠጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል።

ንግዱም አብሯት ከሳ። የድሮ ደንበኛዋ ወይዘሮ አፀደ አንድ ቀን ቅቤውን ደጋግማ አሸተተችና፦

«ሙዝ ቀላቅለሽበታል መሰለኝ» አለቻት።

«ወላሂ ንጹሕ ነው፣ እትዬ!»

«ንጹሕማ ቢሆን መጀመሪያ አንቺን ያወዛሽ ነበር።»

ከተማው ለምርመራ አይሰንፍም። ግማሹ «ያ በሽታ ነው» አለ፤ ስሙን ሳይጠራ። ግማሹ የሰው ዓይን ነው አለ። የሲሬ ዘመዶቿ ግን ቀላሉን መልስ አገኙት፦ ባሏ ነው። ምግብ እየቆለፈባት ነው። ማስረጃውም አለ፤ ሚስት ስትከሳ ባል እየወፈረ ሄዷል። እርግጥ ነው ወፍሯል። እሷ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ የምትተወውን ሳህን፣ መጣል ነውር ስለሆነ፣ የሚጨርሰው እሱ ነበር።

ሀሊሜ ሱቋ ውስጥ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ሚፍታ አዲስ አበባ ወስዶ ለዶክተር ዮፍታሔ አሳያት። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ብዙ አላወራም።

«ሰውነትዎ ራሱን እየበላ ነው። የተቀጠለው ይፍረስና ጨጓራውና አንጀቱ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሰው የቆረጠው ላይ ነው የምሰፋው። ግን ይቻላል።»

«ብዙ ቀን ያስተኛል?»

«ያስተኛል።»

«ታዲያ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሲሞቱ ነው ወይስ ሳይሞቱ?» አላት ዶክተሩ፣ መነጽሩን እያወለቀ።

ሀሊሜ ቀጠሮ ሳትይዝ ተመለሰች። ሞትን ያን ያህል አልፈራችም፤ የፈራችው ማስረዳቱን ነው።

እሷ ስታመነታ አክስቷ አዴ ቢፍቱ አላመነታችም። በአርሲ ያገባች ሴት ሲንቄ አላት፤ እናቷ በሠርጓ ቀን የምታስይዛት ቀጭን በትር ናት። ሚስት ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ባል ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪያርድ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አዴ ቢፍቱ የሲሬን ሴቶች በሚኒባስ ጭና፣ በትሮቹን ጣሪያው ላይ አሳስራ መጣች። ከመናኸሪያው እስከ ሀሊሜ ደጅ እየዘፈኑ ሲወጡ ባጃጆች ቆመው አሳለፏቸው።

ሚፍታ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ፤ ሀሊሜም ከኋላው በሩ ላይ ቆመች። ቁርስ ላይ ነበር፤ የሚስቱን ትራፊ ጨጨብሳ እያላመጠ ወጣ። ከዚህ በላይ ምስክር የሚያሻው ሸንጎ የለም።

«ሚፍታ!» አለች አዴ ቢፍቱ። «የሰጠንህ ልጅ የታለች? ይቺ ጥላዋ ናት!»

«ግቡ እንጂ አዴ፣ አረፍ በሉ…»

«አንገባም! ዋጥ አርገህ ተናገር መጀመሪያ!»

ሚፍታ ዋጠና ሚስቱን አያት። ምሏል። አፉን ዘጋ።

ሀሊሜ የበሩን መቃን እንደያዘች ተናገረች። «እሱ ምንም አላደረገም። ሆዴን ያስቆረጥኩት ራሴ ነኝ። እንዳልበላ ብዬ… ሐኪም ከፍዬ።»



«እንዳትበዪ?» አለች አዴ ቢፍቱ ቀስ ብላ። «ከፍለሽ?»

«አዎ።»

አክስቷ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ምን ያህል ብትፈራው ነው! እንዲህ በይ ብሎ አስጠንቷታል!»

ሀሊሜ ተስፋ ቆርጣ ሴቶቹን ጓሮ ወሰደቻቸውና ጠባሳዋን አሳየች። የዛሬ ዘመን ቀዶ ሕክምና ግን ለምስክርነት አይመችም፤ ጠባሳዎቹ የጥፍር ያህል ናቸው። «ቀዶ ጥገና እኮ እንዲህ ነው» አለች አንዷ፣ ከእምብርቷ በታች ያለውን የወሊዷን እያሳየች። ሌላዋ ጎንበስ ብላ አየችና «ሲጋራ ቢሆንስ ያቃጠላት?» አለች። ሚፍታ በዕድሜው ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። ይህም አልጠቀመውም።

«አጥፍተሃል አላጠፋህም?» አለች አዴ ቢፍቱ ተመልሳ።

ሚፍታ መሬት መሬት አየ። «አጥፍቻለሁ» አለ።

ጊደር ታረደች። ሴቶቹ በሉ፣ መረቁ፣ ሚፍታንም ይቅር አሉት። በግቢው ውስጥ ከሥጋው ያልቀመሰች ብቸኛዋ ሰው ጊደሯ ስለ ረሃቧ የታረደችላት ሀሊሜ ነበረች። መረቁን ሞክራ ከማድ ቤቱ ጀርባ መለሰችው።

ደግነቱ ምስጢሯን በአደባባይ ተናግራ ማንም ስላላመናት፣ የምትደብቀው ነገር አለቀባት። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባች።

ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ቀን ወሰደ። ስትነቃ አፍንጫዋ ውስጥ ቱቦ፣ ሆዷ ላይ እሳት ነበር። ዶክተር ዮፍታሔ «ጡረተኛውን ወደ ሥራ መልሰነዋል፤ ግን ሥራው ጠፍቶታል፣ አትቸኩሉበት» አለ። አልተቸኮለም። ውኃ በማንኪያ፣ መረቅ በማንኪያ፣ መሐል ላይ ትኩሳት፣ እንደገና ውኃ በማንኪያ። ሚፍታ ማንኪያውን ይዞ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ፣ እሷ ስትውጥ አብሮ ይውጥ ነበር፤ ባዶ አፉን።

አሰላ ስትመለስ ጠያቂው ጎረፈ፤ እያንዳንዱም ጭኮ ይዞ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ርሶ፣ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፤ ፈሳሽ ብቻ ለተፈቀደላት ሴት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይገኛል? አልበላም ማለት ጠያቂውን ከደጅ መመለስ ነው። ሳህኑን ሳይጎድል መመለስም እንደዚያው። ስለዚህ ሚፍታ «ኋላ ትበላዋለች» እያለ ይቀበላል፤ ኋላ ደግሞ ራሱ ይበላዋል። ጉንጩ ሞላ። ሴቶቹ እያዩት አንገታቸውን ነቀነቁ።

አንድ ከሰዓት ሀሊሜ ለስለስ ያለ ገንፎ በላች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ውጭ ዝናብ ጀመረ፣ አባራም።

«ሚፍታ!» ብላ ጮኸች።

እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ?»

«አልመጣም!»

«ማን?»

«ላቡ!»

ሚፍታ ግንባሯን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነበር። እጁን ሳያነሳ ብዙ ቆየ።

ሥጋዋ እየተመለሰ ሄደ፤ ደንበኞቿም ከሥጋዋ ጋር። አዴ ቢፍቱ መጥታ ጉንጯን ቆነጠጠች።

«አየሽ ሲንቄን? ጊደሯ ናት ያዳነችሽ!»

«ሐኪሙ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«እሺ፣ እሱም ይኑርበት።»

እንዲህ ሆኖ የሀሊሜ መዳን በሚፍታ ላይ የመጨረሻው ማስረጃ ሆነ። ዛሬ ከሲሬ እስከ አሰላ «በሲንቄ የተመለሰ ባል» ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። ሀሊሜ ቅቤ በመዘነች ቁጥር እውነቱን ትናገራለች። ሰዎቹ «ደግ ሚስት» ይሏታል፤ ሂሳባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ታሪኳ ይጻፍ ብላ የፈቀደችውም የሚፍታ ስም እንዲጸዳ ነው፤ በአፍ ያልታመነው በወረቀት ይታመን እንደሆን።

አንዲት ነገር ብቻ ትቅር ብላ ለምና ነበር። ሕንድ ለመሄድ የቆረጠችው በሚፍታ ወንድም ሠርግ ቀን ነው። ወደ ኢተያ ሊሄዱ ሀሊሜ በአዲስ ቀሚሷ መኪናው ውስጥ ስትገባ መኪናው ዝቅ አለ፤ ሚፍታ ለሚዜዎቹ «ከመነሳታችን በፊት ጎሚስታ ጥሩልኝ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች።